አራተኛው ነጥብ

ሥራዬ ድልድይ ማየት ነው። በሳስካቱን፣ ወንዙ በረዶ ሲለብስ፣
ከድልድዮች ሆድ ሥር ገብቼ፣ ባትሪ ይዤ ስዳብስ፣
ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካገኘሁ፣
አስራ ሰባት ገጽ እጽፋለሁ።
መቼ እንደተወለደች፣ በየት በየት እንዳለፈች፣
ካምናው ውርጭ ምን እንደሰማች፣ ለከርሞ ምን እንዳሰበች፤
«ሆኖም» ይመጣል፣ «ቢሆንም» ይከተለዋል፣
«ምንም እንኳ» በሩ ላይ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል።
ዓረፍተ ነገር ይሉታል፤
የኔው ግን መች ዐርፎ ያውቃል?

አለቃዬ ማርጆሪ ቀይ እስክሪብቶ አላት።
ባለፈው ሐሙስ ሪፖርቴን እንደ ሽንኩርት ላጠችው፣ ላጠችው፤
ከመሀሉ የቀረው
«ስንጥቅ አለ። ይጠገን።» ብቻ ነው።
አልተቀየምኋትም። እነሱ ሐሳብ ለመዝጋት
አንዲት ነጥብ ትበቃቸዋለች፤
እኔን ያሳደገኝ ፊደል ይጠይቃል አራት።
ከዚያ ይሆን የለመድሁት፣ ከጨረስሁም በኋላ መጨረስ ማብዛት፣
በሩን ቆልፎ ሄዶ፣ ተመልሶ ማየት?

ቤት ደግሞ ኢዮስያስ አለ።
አስራ አምስት ዓመቱ። ቁመቱ ጉበኑን ነክቷል፤
ቃሉ ግን ከማንኪያ ይጎድላል።
«ትምህርት እንዴት ዋለ?»
«ደህና።»
«ምሳ በላህ?»
«እ።»
«የሒሳቡ ፈተናስ?»
ትከሻ።
ማርጆሪ ብትሰማው ዛሬውኑ በቀጠረችው!

ለሱም ሪፖርት አለው፤ በስልክ፣ በሌሊት፦
«ልጄ፣ ትናንት ያመሸኸው፣ ያመሸህበትም ምክንያት፣
ምንም እንኳ ዘመኑ ቢለይ፣ እኔም ባንተ ዕድሜ ሳለሁ፣
ከዚህም በተጨማሪ፣ ቀደም ሲል እንደገለጽሁልህ፣ ዛሬም እደግመዋለሁ...»
በአውራ ጣት ሦስቴ ቢያሸሹት አያልቅም።
መልሱም አንድ አውራ ጣት ነው፤ ቀና ያለች፣ ቢጫ።
አላነበበም።

በጥር፣ ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ፣
ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት፣
ስልኬ በራች፦ «እማ»
ከዚያ ዝም።
ከዚያ እነዚያ ሦስት ነጥቦች፣ «እየጻፈ ነው» የሚሉት፣
ብቅ አሉ። ጠፉ። ብቅ አሉ። ጠፉ።
አራተኛውን ጠበቅሁት።
አልመጣ ሲል እኔ ጻፍሁ፦
«የት ነህ? ከማን ጋር? ስንቴ ነግሬህ...» ሰረዝሁ።
«አስቀድሜ እንደፈራሁት...» ሰረዝሁ።
ቀዩ እስክሪብቶ በገዛ እጄ፤
«መጣሁ።» አልሁት፣
አራቱንም ነጥብ ረግጬ።

መኪናው ውስጥ ጓንቱ አንድ እግር ነው።
ሌላው የት ቀረ? አልጠየቅሁም። ዓይኑ ለምን ቀላ? አልጠየቅሁም።
መንገዱ መስታወት ነበር፤ ምላሴም እንዲሁ፤
ሁለቱንም ቀስ ብዬ ነዳሁ።
ከድልድዩ ስንደርስ፣ ከኔው፣ ያቺ ስንጥቅ ከሥራችን ሳለች፣
ጀመረ።
«ምን መሰለሽ እማ፣ ማለቴ፣ ኬይደን መጀመሪያ እንደዚህ አላለም፣
ማለቴ ብሏል፣ ግን እኔ እንደዚያ አልገባኝም፣
ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ ምንም እንኳ ቀልድ ነው ቢሉም፣
ከዚህም በተጨማሪ...»

ከዚህም በተጨማሪ!
በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ በዚያ በሚንተባተብ አፍ!
በዚህ ከተማ እንዲህ የሚል ማን አለ፣ ከኔ ከደረቷ ለፍላፊ በቀር፣
ከዚያ ከሌሊት ሪፖርቴ በቀር?
አፌን በሻርፕ ሸፈንሁት። ያልቅስ ይሳቅ አላወቀም።

ቤት ደረስን። ሞተሩን አላጠፋሁም።
የጋራዡ በር ተከፍቶ ብርዱ ይገባል፤ የጋዙ ሒሳብ ይቆጥራል፤
እሱ ነጠላ ሰረዝ በነጠላ ሰረዝ ላይ ይደረድራል።
እኔም አንዲት ምክር ነበረችኝ፣ የተሞረደች፣ ባለ ሦስት ሐረግ፣
ከጥርሴ ሥር የደረሰች፤
ዋጥኋት። ጎሮሮዬን ቧጠጠች።
«እና ደግሞ እማ» አለ፣ አንዱን ጓንት እያወለቀ፣
«እና ደግሞ...