የእርሳስ ፊደል

ፋይሊ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር
ማተሚያ ቤታችን ነበረች ባሕር ዳር።
እኔ አሥራ ስድስቴ፣ ጣቶቼ የጠቆሩ፣
የእርሳስ ፊደል ለቃሚ፣ ደርዳሪ በመስመሩ፤
አለቃዬ ዊልፍሬድ፣ መነጽሩ ወፍራም፣
ለተሳሳተ ቃል ምሕረት የለው ፈጽሞም።

አንድ ማክሰኞ መጣች ወይዘሮ ታስከር፤
የባሏ ሙት ዓመት ሊወጣ ነበር።
"ያን ሌሊት ጠበቅሁት" ይላል፣ "ዊዝ ቤይትድ ብሬዝ"፤
እንዳለ ደረደርኩት። እሱ ብድግ አለ ሊሰርዝ።

ሁለት ቃል አሉና ድምፃቸው የማይለይ፣
የሚለያያቸው አንዲት ቀጭን "አይ"፤
አንዱ ማነስ፣ ማጠር፣ ባለበት መገታት፣
ሌላው መንጠቆ ላይ የዓሣ ምግብ መሰካት።
"ያንቺ ትንፋሽ" አላት፣ "ትል አልተሰካበት!
'አይ' ትውጣ፤ ያለሷ ነው ልክ የሚሆንበት።"

ሴትዮዋ ዝም አለች። እጆቿን አየሁ፤
ስንት የመንጠቆ ጠባሳ እንዳለ መቁጠር ጀመርሁ።
"ሃያ ሁለት ዓመት" አለች፣ "ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ፣
የዛጎል ሥጋ ፈልፍዬ፣ ባልዲዬን ሞልቼ፣
የባሌን መንጠቆ ሁሉ አንድ በአንድ ሰክቼ፤
ጠረኑ ከጣቴ አልፎ ትንፋሼ ውስጥ ገብቷል፤
ያን ሌሊትም ነበር። ቃሌ የቱ ላይ ስቷል?"

ዊልፍሬድ መነጽሩን አወለቀና ጠረገ።
ሊመልስላት ፈለገ፤
ደግሞ ጠረገ።

ኋላ በቀስታ፦ "ሐረጉ የቆየ ነው፣
የኔም ያንቺም አይደል፣ ትርጉሙም ይኸው ነው፦
ፍርሃት የያዘው፣ ደረት ላይ የቀረ፣
ልውጣ ልውጣ ሲል እዚያው ያጠረ፣
ከሙሉው የጎደለ..."
"የጎደለ?
እንዲህ የሚል ቃል አለ?"

በመስኮት አየች። ግራጫ ውሃ፣ ግራጫ ሰማይ።
አንድ ጀልባ እንኳ አልነበረም ላይ።
"ከዚያች ሌሊት ወዲህ ሙሉ ተንፍሼ አላውቅም፤
እንግዲያው ያንተን ጻፈው። የኔው ግን ውሸት አይደለም።"

በወረንጦ ነቀልኳት ከቃሉ መሐል፤
የቀሩት ፊደሎች ተጠጉ፣ ክፍተቱ ተዘጋ ወዲያል።
መዳፌ ላይ አኖርኳት። ቀጥ ያለች፣ ራሷ ነጥብ፣
ወደብ ላይ የቆመች፣ የምትጠብቅ መርከብ።

"ይቺስ?" አለች።
ማታ ማታ እርሳሱን ፍሬ በፍሬ ቆጥሮ የሚረከበኝ ሰው፣
ዊልፍሬድ፣ ያኔ ነው ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ትዝ ያለው፤
እያየ ቆመ፣ ጀርባውን ሰጣት፤
እንደ ትርፍ መንጠቆ ሽርጧ ኪስ ከተተቻት።