በቃሌ

መስታወቱ ነው አልኩ፣ የመንገድ ጨው የለበሰው፤
መጥረጊያው ነው አልኩ፣ ላስቲኩን ብርድ የጨረሰው።
ጉም ነው አልኩ፣ የዊኒፔግ ሰማይ ጠርቶ እያለም፤
መብራቱ ነው አልኩ፣ ማዘጋጃው አምፖል አይቀይርም።
ጋዜጣው ፊደል አሳነሰ፣ ቀለም ቆጠበ አልኩ፤
ከዓይኔ በቀር ያልከሰስኩት የለም፤ ሁሉን ከሰስኩ።

የተማሪ አውቶቡስ ነው የምነዳው፣ ቢጫ፣ አሥራ ስምንት ዓመት፤
ሳርጀንት ጎዳናን አውቀዋለሁ፣ በሌሊት እንደሚዳብሱት ቤት።
ማቆሚያውን በዓይኔ ሳይሆን በእግሬ ነው የለካሁት፤
ዓይኔ ጡረታ ወጥቷል፤ ደብዳቤውን እኔው ነኝ ፈርሜ የደበቅኩት።

በኅዳር አንድ ጠዋት፣ ጠርዙ ላይ የቆመ ልጅ አየሁ፤
ቆምኩ። በሩን ከፈትኩ። «እንዴት አደርክ?» ብዬ ጠበቅሁ።
የቆሻሻ በርሜል ነበር፣ የበረዶ ቆብ ያጠለቀ።
ከኋላዬ አርባ ሕፃን በሳቅ ወደቀ።
እኔም ሳቅሁ፣ ከሁሉ በላይ፤ ቀልድ አስመሰልኩት፤
ማታ ለሚስቴ፣ ለትብለጥ፣ እንደ ቀልድ አወራሁት።
አልሳቀችም። «ሐኪም ዓይንህን ይየው» አለችኝ።
«ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብዬ ማልኩ፣ «ደኅና ነኝ!»
መሐላ ጆሮ እንዳለው ያኔ ማን በነገረኝ።

የመንጃ ፈቃዴ ማደሻ ደረሰ።
የልጄ ልጅ ኤልሮኢ ሰሌዳውን ከስልክ ላይ አነበበችልኝ፤
ጨዋታ መሰላት፤ በተሳሳትኩ ቁጥር በማንኪያ መዳፌን እየመታችኝ።
ኢ። ኤፍ ፒ። ቲ ኦ ዜድ። እንደ ዳዊት ደገምኩት፤
ወጥ ሳማስል፣ ጥርሴን ስፍቅ፣ በእንቅልፌም ሸመደድኩት።

ከፈተናው በፊት፣ ሐሙስ። ያው ማዕዘን። ያው በርሜል።
«ዛሬስ አታሞኘኝም» አልኩት፤ አልፌው ሄድኩ።
በጎን መስታወት፣ በርሜሉ እጁን አነሳ።
በርሜሉ ሮጠ። ወደቀ። ተነሳ።
ቆሜ አሳፈርኩት፤ እንባው ጉንጩ ላይ ረግቶበት።
«አላየኸኝም?» አለኝ።
«አይቼሃለሁ፤ ልቀልድብህ ብዬ ነው» አልኩት።

በማግስቱ፣ ማሪሴል የምትባል፣ ረጋ ያለች ሴት «አንብብ» አለች።
አነበብኩ። አንድም አልሳትኩ። «በስድሳ አንድ ዓመት፣ ግሩም!» አለች፤
ማኅተሙን አነሳች።
ማኅተሙ አየር ላይ እያለ
በርሜሉ እጁን አነሳ።

«በቃሌ ነው» አልኩ።
አልገባትም።
«ሰሌዳሽን አላየሁትም። ግድግዳውም በግምት ነው።
ፊትሽም ለእኔ ድምፅ ያለው ጉም ነው።»
ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣበቀ፤
ድፍረት እንዲህ እንደሚያልብ ማን አወቀ።
ማኅተሙን አስቀመጠችው፣ ቀስ ብላ፣ እንደ እንቁላል።

በከተማ አውቶቡስ ተመለስኩ፣ ሳንቲም ከፍዬ፣ ተሳፋሪ ሆኜ፤
የቢጫዋ ቁልፍ ከኪሴ፣ ቅዝቃዜው እስከ ጭኔ።
ኤልሮኢ በር ላይ ጠበቀችኝ። «አባባ፣ አለፍክ?»
«አለፍኩ» አልኩ፣ «ሐሙስ ዕለት። ልጅ ቆሞ እያየኝ አለፍኩ።
ዛሬ ወደቅኩ።»

ዝም አለች። ማንኪያ የያዘ የነበረው እጇ እጄን ያዘኝ።
«እዚህ ጋ ደረጃ አለ» አለችኝ።
«አውቃለሁ» ልል ነበር።