የዳለቻ ሒሳብ

ሦስተኛው እብጠት ነው፤ ያው የፊት ቀኝ እግሩ፣
ከሰኮናው በላይ፣ ከቁርጭምጭሚት ሥሩ።
የመጀመሪያውን ቅቤና ጨው አሽቼ፣
ሁለተኛውን ለት ለመርፌ አውጥቼ፣
ድኗል ብዬ ነበር፤ ከበርበሬ ወንዝ እስከ ጨርቃ ጨርቅ በር
ሲሚንቶ ጫንኩበት፣ ሽንኩርት ጫንኩበት፣ ሙሽራ ሳይቀር።
እግሩ ግን ቂም ያዘ፤ ክረምቱ ሲመለስ
አብሮ ይመለሳል፣ እሳቱን ሊለኩስ።

ማለዳ ሳየው
ሦስቱን እግር ተክሎ፣ አንዱን በጫፉ ብቻ
ሰው ቤት ምንጣፍ መርገጥ እንዳፈረ እንግዳ
ጣል አድርጎ ቆሟል፤ ዳለቻ፣ የእኔ ዳለቻ።
መዳፌን አስጠጋሁ። ይፋጃል።

ሰፈሩ ሸንጎ ሆነ።
ሙሄ፣ የጋሪ ጓዴ፣ መፋቂያውን ነክሶ መጣ፤
«ሌሊት ቦርከና ዳር ውሰደው» አለኝ፣ «ልጓሙን ብቻ አውጣ።
ጅቡም የአላህ ፍጥረት፣ እሱም ራት ይሻል፤
አንተ ካላየኸው ማን ይከስስሃል?»

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ፤
ማድረስ ያቃተው ለት፣ ምን ይሁን ሳይሉ።

ልጄ አንዋር ስልኩን ከፍቶ ዋጋ አሳየኝ፤
«አባ፣ ባጃጅ እኮ አያነክስም» አለኝ።
እውነቱን ነው፤ አያነክስም።
ግን በዚያ የጎርፍ ሌሊት፣ እናቱን ምጥ ይዟት፣
መብራት ጠፍቶ፣ መንገዱን ጭቃ ውጦት፣
ድልድዩን በአፍንጫው አሽትቶ የሚያልፍ ባጃጅ የለም።
ራህማ ጋሪው ላይ ነው የተወለደች፤
መጀመሪያ የሰማችው የሱን ኮቴ ነው፣
ዛሬም ሲያነክስ ቆጥራ የምታውቀው እሷ ነች።

የእንስሳት ሐኪሟ ስንዱ፣ ጓንቷን እያወለቀች፣
«ጅማቱ ነው፤ ስድስት ወር ዕረፍት» አለች።
«አስፋልት የለ፣ ጋሪ የለ። ከዚያም ላይድን ይችላል።»
«ካልዳነስ?» ብላት
ወደ ሳጥኗ አየች እንጂ አልመለሰችልኝም።
«እስከዚያስ ማን ያበላዋል? እኛንስ?»
ለዚህ መርፌ የላትም።

አልዋሽም፤ አንድ ሌሊት ወሰድኩት።
ቦርከና ጠቁሮ ይፈሳል፣ የፋብሪካው መብራት ውኃው ላይ ይሰበራል።
ልጓሙን አወጣሁ። ቆመ። እኔም ቆምኩ።
ከማዶ አንድ ነገር ጮኸ፤ ጅብ ይሁን ውሻ አለየሁም።
እሱ አልበረገገም፤
ተሳፋሪ የምንጠብቅ መስሎት
ጆሮውን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ በሦስት እግሩ፣
ሰው እስኪሞላ ታገሠ።
ልጓሙን መልሼ አጎረስኩት፤
በማግስቱ ለሙሄ «ጅቡ አልመጣም» አልኩት።

ከዚያ ሸጥኩ። ፈረሱን አይደለም፣ ጋሪውን፤
ሁለቱን ጎማ፣ ራህማ የተወለደችበትን ጣውላ፣
ፀሐይ ያነጣውን የፕላስቲክ ጥላ።
ገዢው ዋጋ ሲሰብር ዝም አልኩ።
ለቀን ሥራ ፋብሪካ በር ተሰልፌያለሁ፤ ዘበኛው ያውቀኛል፣
«ባለጋሪው» ይለኛል አሁንም።

እህቴ ዘይነባ ከሐይቅ ደወለች፤
«ስድስት ወር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሣሩ የላሞቼ ነው» አለች።
እሺ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

አይሱዙ ላይ ወጣ፣ ከባዶ ጆንያ መሀል፤
አገር ሲጭን የኖረው ዛሬ ተጭኗል።
ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ፣ ደመናው ከመንገዱ ወርዶ፣
መኪናው ሲታጠፍ እሱም ያጋድላል፣
ያቺን እግር መሬት ያስነካል፣ ያነሳል፣
እንደ ገና ያስነካል።

ደሴ ስንቃረብ ረዳቱ እጁን ዘረጋ፤ «ሒሳብ!»
«የሁለት ሰው ውሰድ» አልኩት።
«ፈረስም ሰው ሆነ?» ብሎ ሳቀ።
ድፍኑን ብር ሰጠሁት። ኪሱን ዳበሰ፣ ፈረሱን አየ፣ እኔን አየ፣
«መልስ የለኝም» አለ።
«እኔም የለኝም» አልኩት።