ዛፍ ቁጥር አርባ ሰባት

ቢጫ ሪባን በኪሴ፣ ቀይ ቀለም በጣሳ፣
ሽቅብ ጀመርኩኝ ጭጋጉ ሳይነሳ፤
እግሬን እየመረጥኩ፣ ሸርጣን እንዳልረግጥ፣
በዚህ ወር መንገዱ ለነሱ ነው 'ሚሰጥ።
መኪና ይቆማል፣ ሰው ዳር ይዞ ያልፋል፣
ባለርስቱ ሸርጣን
ቀይ ካባውን ለብሶ፣ በጎኑ እየሄደ፣ ወደ ባሕር ይጎርፋል።

ሥራዬ መቁጠር ነው፤ አገር በቀሉን ትቼ
መጤውን መመዝገብ፣ ውፍረቱን ለክቼ፣
ሪባን አስሬበት፣ ቀለም ቀብቼ።
ነገ መጋዝ ያዡ ቀዩን ተከትሎ
ይመጣል። ልቤ ግን «አልቆረጥሽም» ብሎ
ያባብለኛል።

ሚስተር ኮልቪን ትናንት፣ ካርታውን ዘርግቶ፣
«አንድ ዛፍ ነበረ» አለ፣ በጣቱ ነክቶ
ከሠራተኛው ሠፈር፣ ከጓሮ፣ አንዲት ነጥብ።
«አሁን ሸለቆው ሙሉ፣ እስከ ምንጩ ግድብ።
ርግብ ውጣ ጣለች፣ የሌሊት ወፍ ተፋች፣
ከጥላው ሥር ችግኝ አንድም አልተረፈች።»
አንገቴን ደፋሁኝ። አላልኩትም ያኔ፣
ያቺን አንዷን ነጥብ የተከላት የኔ
አያት ነው።

ማርዙኪ። ፎስፌት ሊዝቅ ከጃቫ ተራራ
መርከብ ያመጣው፣ በቁጥር የሚጠራ።
በብስኩት ቆርቆሮ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ
ሦስት ፍሬ አመጣ፤ አንዱ ብቻ በቅሎ
አረን ብሎ ጠራው። እኛ ቅጽ ላይ ግን
«የስኳር ዘንባባ» ነው።
«የኩባንያው ስኳር ነጭ ነው፣» ይል ነበር፣
«ይጣፍጣል እንጂ አይችልም መናገር።»

አሥር ዓመት ጠበቀ። ከዚያ መሰላል ሠርቶ
የአበባውን ክንድ በእንጨት መዶሻ መትቶ፣
ቀስ፣ ቀስ፣ ሕፃን ሊያስተኛ መታ መታ እንደሚያደርግ፤
ሲቆርጠው ጠብ አለ በቀርከሃው ጥግ
ያ ውሃ። ቀኑን ሙሉ በብረት ድስት ፈልቶ
ማታ ቡናማ ሆነ፣ በኮኮናት ቅርፊት ረግቶ።
ኋላ እኔ ስቀምሰው ጭስ ጭስ ነበረው፣ ዝናብም ነበረው፣
ያላየሁትን አገር በስሙ የሚጠራ አንድ ነገር ነበረው።

ፍሬውን ግን አንዴ በልጅነት ነክሼ
ሦስት ቀን አደርኩኝ፣ ከንፈሬ ተለብልቦ፣ አልቅሼ፤
አያቴ ሳቀብኝ፦ «ሁሉን አይሰጥም ዛፉ፣
ማር ያለበት ቤት ንብ አለ በደጃፉ።»

ዛፍ ሁሉ ሽቅብ ሲል እሱ ቁልቁል ያብባል፣
ደረጃ እንደሚወርድ ሽማግሌ ይረግጣል፣ ያርፋል፣ ይረግጣል፤
የታችኛው አበባ ጉልበቱ ላይ ሲደርስ
ቆሞ ይሞታል፤ መጋዝ አያሻውም ለመፍረስ።
የጓሮዋ ዛፍና አያቴ በአንድ ክረምት ሄዱ።
የቀረው ፍሬው ነው።

አርባ ሰባተኛው ከምንጩ በላይ ነው።
ጠጋ ብዬ ሳየው
በአንዱ ክንዱ ላይ የላስቲክ ጀሪካን ተንጠልጥሏል፣
ጠብ፣ ጠብ ይላል።
ገመዱ ጥቁር ቃጫ፣ ከራሱ ከዛፉ ፀጉር የተፈተለ፤
ቋጠሮውን አውቀዋለሁ።
አያቴ ያስተማረው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤
አንዷ እኔ ነኝ። ሌላው፣ ወንድሜ ሩስላን፣
«ዓሣ ላጠምድ» ብሎ ነው በሌሊት የወጣው።

ቅጹ «ወራሪ» ይላል። ባንዲት ፊደል ብቻ
ከወራሽ ይለያል፤
ብዕሬ እዚያች ፊደል ላይ ቆመች ለብቻ።
እኔስ በየትኛው ዓምድ? ኮልቪንስ? ከሸርጣን በቀር
ማን አለ በመርከብ ያልመጣ በዚች ምድር?

ግን አጎንብሼ አየሁ። ከጥላው ሥር አፈሩ
ራቁቱን ነው፤
የራሱ ልጆች ብቻ እንደ ጦር ቆመው ነበሩ።

ጀሪካኑን ፈታሁ፣ ቋጠሮውን ሳልቆርጥ።
ቀባሁት። አንድ ጊዜ። ደግሜ።
ቀዩ ወርዶ ወርዶ ከጠብታው ተቀላቀለ።
መዝገቡ ላይ፦ አርባ ሰባት። መጤ።
አበባው ጉልበቱ ጋ ደርሷል።

ስመለስ መንገዱ ከዳር እዳር ቀልቷል።
ያ ጣፋጭ በእጄ፣ አረፋ መያዝ ጀምሯል፣
ዳር ይዤ ቆምኩኝ
ባለርስቶቹ እስኪያልፉ።