የስታሴ ቦታ

የሊቱዌኒያን ጫካ ጅብ ረግጦት አያውቅም፤
የጅብ ጥላ ግን ሞልቷል፣ ነሐሴ ሲያካፋ ጥዱ ሥር አይታጣም።

በዚያ መንደር ሰዉ ፈረሱን ያውስሃል፣
መጋዙን ያውስሃል፣
ክፉ ቀን ሲገጥምህ ዳቦውን ይቆርስልሃል፤
እንጉዳይ የሚለቅምበትን ቦታ ብትጠይቀው ግን
ደንቆሮ ይሆናል፤
ለነፍስ አባቱ አይነግርም፣ ለሚስቱ አይነግርም፣
አንዳንዱም ይዞት ይሞታል።

ስታሴ አርባ ዓመት፣ ዶሮ ሳይጮህ ገና፣
በሰሜን በኩል ወጥታ፣ የአኻያ ቅርጫቷን በክንዷ አንጠልጥላ፣
በባቡር ሐዲዱ፣ በድልድዩ አድርጋ ጉም ውስጥ ትገባና
ረፋዱ ላይ ትመጣለች፤ ቅርጫቱ እስከ አፉ ሞልቶ፣
በፈርን ቅጠል ተከድኖ፣ ጤዛ ተቀብቶ።
ጎረቤቷ ብሮንዩስ አንድ ሌሊት ተከተላት፤
እስከ ድልድዩ አየ፤ ከዚያ ጉሙ ዋጣት።
"ከየት ነው?" አላት በማግስቱ፣ አጥሩ ላይ ተደግፎ፤
"ከሩቅ" አለች፤ ሌላ ቃል አልወጣትም ከዚያ አልፎ።

ሞተች፣ በዚህ ነሐሴ። ልጇ መጣ ከቪልኒየስ፤
ራሙናስ፣ የአሳንሰር ጠጋኙ፣
ዕድሜውን ሁሉ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ወደ ታች ሲመለስ
ወደ ጎን መራመድ የረሳ።
ቤቱን ሊሸጥ ነው አመጣጡ፤ ሐሙስ ይፈራረማል፤
ገዢው ቀብድ ከፍሏል፣ የሚጠብቀው ዕቃው እስኪነሳ።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ እጁን ይጨብጠውና
ጆሮው ሥር ጠጋ ብሎ፣ "ነግራሃለች አይደል?" ይላል።
"ምኑን?"
"ቦታውን ነዋ!"
ምንም አልነገረችውም። ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ፣
እጀታው በመዳፏ ልክ የተበላ ቢላዋ፣
ቅርጫቷ፣ የጎማ ቦቲዋ፤
ኑዛዜዋ ይኸው ነበር፣
ፊርማ የሌለው፣ ፊደልም የሌለው።

ማክሰኞ ማለዳ ቦቲዋን ታግሎ አጠለቀው፤
ጠበበው፤ ቢሆንም ሄደ፣ የስልኩ ካርታ እየመራው፣
ሐዲዱን ይዞ ወደ ሰሜን፣
ጥድ ከጥድ ኋላ ወደቆመበት፣ መሬቱ ሽበት ወዳወጣበት።
እንደጠፋ ቁልፍ ፈለገው፣ ተናድዶ፣ ተቻኩሎ፣
እንደ ከተማ ሰው፣ ቆሞ።
ሰባት ሰዓት ሙሉ። ያገኘው ያው ቀዩን ነው፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበትን፣
ሕፃን የሚያውቀውን መርዝ፣
እንደ ሙሽራ አጊጦ የሚስቅበትን።

"ቆመው የሚጠብቁት አውቶቡስ ነው" አለው ብሮንዩስ ማታ፤
"ለዚህስ ጉልበት ይታጠፋል፤ ቂጥም ጤዛ ይነካል።"

ረቡዕ ሊነጋ ሲል ከላም በረቱ ጀርባ ሽንቱን ሊሸና ወጣ፤
ቦቲዋ የላጠው ተረከዙ አቃጠለው፤
ሊያየው ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ሣሩ ላይ ቁጭ።
መጀመሪያ ሽታው መጣ፤
የእርጥብ ምድር ቤት፣ የአሮጌ ጆንያ፣
የእናቱ ሹራብ እጅጌ ሽታ።
ቀጥሎ አንድ ቡናማ ራስ፣ የዳቦ ቅርፊት የመሰለ፤
አጠገቡ ሌላ፤ ከኋላው ሦስት፤
እንደ ምሽት ኮከብ፣ አንዱን ሲያዩት ሌላው እየወጣ
የጥዱን ሥር ሞላ።
አንድ የቀለም ቆርቆሮ ተደፍቶ ነበር፣ መቀመጫዋ፤
ሥሩ ጨው በትንሽ ጠርሙስ።

ቅርጫቱን ሊያመጣ ሲመለስ ቆጠረው፤
እስከ ጓሮው በር መቶ ሃያ እርምጃ።
አርባ ዓመት! ያ ሁሉ ሐዲድ፣ ያ ሁሉ ድልድይ ሰም ነበረ፤
ወርቁ ከበረቱ ጀርባ አደረ።
ሳቀ ብቻውን፤ ሳቁም እመሐል ላይ እንደ ጭራሮ ተሰበረ።

ትንንሾቹን ተወ። ትልልቆቹን ከግንዳቸው ቆረጠ፤
ቁስላቸውን በሽበት ሸፈነ፤
ማን እንዳስተማረው አያውቅም፣ ቢላዋው ይሁን እጁ።
ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ ገዢው ነው።
እጁ አፈር ነበር።
ስልኩ ጮኾ ጮኾ ተወው።

ቅርጫቱ ሞላ። ቤቱ እዚያው ነው፣ ጭስ ማውጫው ይታያል፤
ራሙናስ ግን ፊቱን ወደ ሰሜን አዞረ፤
እያነከሰ ጫካውን ዞረ፣ ድልድዩን ተሻገረ፤
ሐዲዱን ይዞ መጣ፣
ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ።

ብሮንዩስ አጥሩ ላይ ነበር።
"ከየት ነው?"
"ከሩቅ" አለው።
አልዋሸም።