ሁለት ችካልና አንድ ሲባጎ

ሰኔ ግም ሲል ነበር፣ ከጓሯችን ዳር፣
መሬቷ ከንፈሯን ከፈተች ለነገር።
ጣቴን ብሰድባት እስከ ቀለበቴ ዋጠች፤
"የፍልፈል ነው" ብዬ በጭቃ ደፈንኳት፣ በነጋታው ተላቀቀች።

ይመር ግን ቆሞ ቀረ፣ ምራቁን ውጦ፣ ዝም፤
ባል ዝም ሲል፣ እኔ እንጃ፣ ደስ አይለኝም።
ወይራ ጠርቦ መጣ፤ ሁለት ችካል ቸከለ፣
አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች፤ መሃል ሲባጎ ጣለ።
ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ ሱብሂን ሰግዶ እንዳበቃ፣
በስንዝር፣ በጣት ይለካል፤ ብርድ ሳይል፣ ጭቃ።
ትናንት ጣት ከግማሽ፣ ዛሬ ሁለት ሞላ፣
በከሰል ይጽፈዋል ከበሩ መቃን ኋላ።

የላይ ቤቱ አበጋዝ ሰምቶ ሳቀ በጧቱ፦
"ይመር ስንጥቅ ያልባል፣ ላሟ ቆማ በበረቱ!"
ቀልዱ ውጫሌ ገበያ ደረሰ፣ ጨው ሻጩ ሳይቀር አወቀ፤
አልዋሽም፣ እኔም በነጠላዬ ሥር ጥርሴ ሳቀ።
"የአያቶቻችን ቦታ ነው፤ አምባሰል በኛ ይጨክናል?
የላዩን ላይኛው ያውቃል" ስለው፣ "ያውቃል" ይለኛል፤
"ያውቃልማ። ያወቀውን
በሲባጎ እየነገረኝ ነው፤ ጆሮ ያጣሽ አንቺ ነሽ።"

ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ቤቱን ይቋጥር ጀመር፦
ሁለት ቁና የማሽላ ዘር፣ ጨው፣ ክብሪት፣ የእጅ ባትሪ፣
የመሬት ደብተራችን በፌስታል፣
የጦይባ የአስም መድኃኒት (እሱስ ይሁን፣ አልኩ)፤
ከበሩ ኋላ ሰቀለው፣ ባንድ ሚስማር፣ ባንድ ስልቻ።
"አኩርፋ የምትሄድ ሴት ጓዝ ይመስላል" ብዬ ጮህኩ፣ "ሟርት ብቻ!"

የበሬውን ቋጠሮ ፈታ፤ አዲስ አተሳሰር አመጣ፣
ጫፏን ሳብ ሲያደርጓት በሬው ነፃ የሚወጣ።
"በሌሊት ቢላ አይገኝም፤ ጣት ግን አብሮ ነው የሚያድር"
ብሎ የጦይባን ዓይን በሻሽ አስሮ አስፈታት፣ ካንድ እስከ አሥር።
"ቁልቁል እንዳትሮጡ። ቁልቁል የሚሮጥን ናዳ ይቀድመዋል፤
ወደ ጎን፣ በአጋሙ በኩል፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ጉብታ።"
ሰማሁ። አልሰማሁም። ሴት ሥራ አላት።

ነሐሴ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሰማይ አልተዘጋም።
በአራተኛው ማታ ምንጫችን ደፈረሰ፣
የተልባ ውኃ መሰለ፤ እንስራዬን ሳልሞላ ተመለስኩ።
ይመር ፊቴን አይቶ አልጠየቀኝም።
ሲባጎው መቼ እንደተበጠሰ ማንም አላየም፤
እኔ ግን "ጥ" ሲል ሰምቻለሁ። እምላለሁ፣ ሰምቻለሁ።

በርሜል ተመታ፤ ድም፣ ድም፣ ድም።
እጄ፣ ያቺ ስትሳለቅ የከረመች እጄ፣
ሳላዛት ሄዳ ጫፏን ሳበች፤ በሬው ተለቀቀ።
ስልቻው በጀርባዬ፣ ጦይባ በክንዴ፣ ወደ ጎን፣
የአጋሙ እሾህ ቀሚሴን ይዞ ሲለምነኝ
ቀድጄለት ሄድኩ።

ከኋላችን ተራራው ጉሮሮውን ጠረገ።

አበጋዝ ወጣ። ሽበሽና ልጆቹም ወጡ፤ በርሜሉ ነው ያወጣቸው።
የበሬው ቋጠሮ ግን የጥንቱ ነበር፣ ዝናብ ያጠበቀው፤
አበጋዝ በጥርሱ ታግሎታል፣
የገመድ ጭረት በጥርሱ መሃል ይዞ መጣ።
ጉብታው ላይ ሆነን ሰማን፤ አንዴ ጮኸ፣ ሁለቴ፣
የኛው በሬ መለሰለት። መቀናጆ ነበሩ፤
ዓምና ያረሱት ባንድ ቀንበር ነው።
ከዚያ የአፈር ድምፅ ብቻ።

ማንም "ብዬህ ነበር" አላለም። ይመርማ ጭራሽ።
እስከ ዛሬ በእንቅልፉ ይለፈልፋል፦
"ቋጠሮውን ሳላሳየው... እዚህ እዚያ ነበር ቤቱ... ሳላሳየው..."

አሁን ሜዳው ላይ ነን፣ ከሸራ ሥር። መስከረም ጠባ።
ዘሩ ስልቻው ውስጥ አለ፤ ሚያዝያን ይጠብቃል፤
አንድ በሬ እንዴት እንደሚያርስ አላውቅም።
መሐንዲስ መጥቶ መሬቱን ረገጥ ረገጥ አደረገና
"ይኼ ደህና ነው" ብሎ ፈርሞ ሄደ።
ይፈርም።
ዛሬ ጠዋት፣ ይመር ተኝቶ ሳለ፣ ድንጋይ አንስቼ
ከሸራው ጀርባ ሁለት ችካል መታሁ።
ሲባጎውን የያዘልኝ አበጋዝ ነው።