ያለ ምጥ

አዘዞ መግቢያ ላይ፣ ከአስፋልቱ በታች፣
ትርንጎ አታላይ ወፍጮ ቤት ሠራች፤
ያገለገለ ሞተር ከነድንጋዩ ገዝታ፣
የእናቷን ቤት ካርታ ለእኛ ማስያዣ ሰጥታ።
እኔ ነኝ ያስፈረምኳት፤ እስክሪብቶውም የእኔ ነው፤
ጣቷ ላይ ዱቄት ነበር፣ ውሉ ላይ ዛሬም ነጭ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ደህና ነበር፤ ጤፉም፣ ዳጉሳውም፤
ወር በገባ በአምስት ትከፍላለች፤ አንድ ቀን አላሳለፈችም።
ከዚያ መብራት ጠፋ፤ መንገዱም ተዘጋ፤
ናፍጣ በጀሪካን፣ በማር ወለላ ዋጋ።
ድንጋዩ ዝም አለ። የወፍጮው ቀበቶ
ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ከረመ፣ እንደ እባብ ተኝቶ።

አንድ ቅዳሜ ሄድኩ፤ የላከኝ አልነበረም።
የእህል ማፍሰሻው አፉ ድር አድርቶበት ከርሟል፤ ሰውም የለም።
በኪሴ እርሳስ ነበረኝ።
ያየሁትን ጻፍኩ፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍም አልወሰደኝ።

ወፍጮው ቆመ። የእኛው ግን ሌላ ወፍጮ ነው፤
ውሃ አይል፣ ናፍጣ አይል፣ በሌሊት ነው የሚፈጨው።
ሰው በተኛበት ሰዓት፣ በእኩለ ሌሊት፣
ኮምፒዩተሩ ይወልዳል፣ ያለ ምጥ፣ ያለ እናት።

በወር አንድ ጊዜ ፒያሳ ትመጣለች፤
ወንበር ብጠቁማት ቆማ ትጠይቃለች፦
«ወንድሜ፣ ዕዳዬን አልካድኩም፤ ዋናውን አውቃለሁ።
ወለዱ መቼ ነው የሚቆመው? እሱን እጠይቃለሁ።
ላም እንኳ ስታረጅ መውለዷን ታቆማለች፤
የእናንተዋ ብር ግን ከሞተች በኋላም ትወልዳለች?»

እኔም መመሪያውን ገልጬ አሳየኋት፤
አንቀጹን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩላት፦
ዘጠና ቀን ካለፈው፣ ብድሩ ታሟል ይባላል፤
ባንኩ ወለዱን ገቢዬ ብሎ መጻፍ ያቆማል።
ፊቷ በራ። «ቆመልኝ በለኛ!»
ምላሴን ጎተትኩት፤ አማረኝ ዝም ብዬ ልተኛ።
«የቆመው ከእኛ ትርፍ ላይ ነው፤ ካንቺ ዕዳ ላይ አይደለም፤
ያንቺው በሌላ መዝገብ ይጻፋል፤ አይጠፋም፣ አይሰረዝም።»

ብዙ ሰዓት መሰለኝ፤ ጣሪያውን አየች።
«ለእናንተ የሞተ፣ ለእኔ ሕያው» አለች።
«እናንተ ተዝካሩን በልታችሁ ጨርሳችሁ፣
እኔን አስታማሚ አድርጋችሁ ተዋችሁ?»

የጥምቀት ማግስት ነበር። ከፋሲል መዋኛ
የወጡ ልጆች አለፉ፣ እያንጠባጠቡ፣ በእኛ።
በመስኮት አየቻቸው፤ ሳቅም አላት ትንሽ፦
«ዋና እችላለሁ፤ ዋናው አያሰጥመኝም።
ውሃው ግን እየወለደ ዳር አያስይዘኝም።»
(አባቷ የባታ ደብተራ ነበሩ አሉ፤ ከእሳቸው ይሆናል።)

በሰኔ ፍርድ ቤት ቀረብን። ጠበቃ የላትም።
ፌስታል ውስጥ ደረሰኞቿ፣ ከዚያ ሌላ የያዘችው የለም።
ዳኛዋ ፋይሉን አገላብጠው፣ እኔን ጠየቁኝ፦
«ይህች ሴት መክፈል እንደማትችል ባንኩ መቼ አወቀ?» አሉኝ።

ሁለት ቀን ነበረኝ። አንደኛው፣ ደብዳቤው ላይ ያለው፣
ማስጠንቀቂያው የወጣበት፣ ባለ ማኅተሙ ነው።
ሌላው፣ ከዚያ አሥራ አራት ወር ቀድሞ፣ በእጄ የጻፍኩት፣
ከፋይሉ ሽፋን ውስጥ፣ በእርሳስ፣ ማንም አያየውም ያልኩት፦
«ወፍጮው ቆሟል። ሄጄ አይቻለሁ። አይመለስም።»
ከሥሩ የሥራ አስኪያጁ እጅ፦
«ቤቷ ዋጋ ያወጣል፤ መቸኮል አያስፈልግም።»

ጎሮሮዬ ደረቀ፣ ዱቄት እንደቃመ ሰው።
የቱን ቀን ልናገር?
እርሳሱን ነገርኳቸው።

ዳኛዋ ጻፉት። ቀና ብለውም አላዩኝ።
ለውሳኔ፣ ሐምሌ ሃያ ሦስት ተመለስ አሉኝ።
ትርንጎ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን ታስተካክላለች፤
አላመሰገነችኝም። «እስከዚያስ?» ብቻ አለች።

እስከዚያስ።
ሌሊት ስድስት ሰዓት። ዝናብ በአዘዞ ቆርቆሮ ላይ ወረደ።
ከደረቀው ወፍጮ፣ ያለ ምጥ፣ አንድ ቁጥር ተወለደ።